ጸጉረ ልውጥ ወፍ

ሰው ወፍ ለማየት ብሎ ጎህ ሲቀድ ከአልጋው ይነሳል ብሎ የሚነግረኝ ቢኖር፣ ያኔ፣ ወይ ሰክሯል ወይ ጠግቧል ብዬ አልፈው ነበር። ለእኔ ወፍ ማለት ማለዳ ቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚንጫጫ፣ የተሰጣ እህል የሚለቅምና የታጠበ ሸሚዝ ላይ ጣጣውን ጥሎ የሚሄድ ፍጥረት ነው። ከዚህ በላይ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። የወደድኳት ልጅ አባት ወፍ ወዳድ ሆነው ተገኙ።

ቤታቸው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ መኪና እየተንገዳገደ ከሚወጣው ዳገት በላይ ነው። ሰውየው ጡረተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በተባይ መከላከል ሥራ ሲሆን፣ ዋና ተግባራቸውም ቆላ ወርደው የገበሬውን ማሽላ የሚያወድመውን ግሪሳ መርዝ እያስረጩ መጨረስ ነበር። በእሳቸው ትእዛዝ ያለቀው ወፍ ቢቆጠር የአዲስ አበባን ሰው ሳያስከነዳ አይቀርም። ጡረታ በወጡ ማግሥት ግን የወፍ ፍቅር ያዛቸው። ሥጋ ቆራጭ ቢላዋውን ሰቅሎ ሲያበቃ ለበግ ሲያለቅስ እንደማየት ነው። አንድ ፈረንጅ ባለሙያ አገሩ ሲገባ ትቶላቸው የሄደውን የሩቅ ማያ መነጽር ይዘው በረንዳቸው ላይ ይውላሉ። የታችኛው ሰፈር ሰው እኛን ነው የሚያዩት እያለ ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ዘግቶ ይኖር ነበር።

ሽማግሌ ላክሁ። በደንቡ የመጀመሪያ ሽማግሌ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው፤ «ዘመድ እናማክር፣ ቀጠሮ ይሁን» ይባላል፣ ይህ ነውር የለውም፣ ለሴቲቱ ክብር ነው። እሳቸው ግን አጎቴን፣ የነፍስ አባታችንንና አንድ ጎረቤታችንን አስቀምጠው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ልጁ ወፍ ያውቃል?» አጎቴ ደንግጠው «ዶሮ ያውቃል» አሉ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ። የነፍስ አባታችን እስከ ቤታቸው ድረስ እያማተቡ እንደሄዱ በኋላ ሰማሁ።

ልጅቷ ደግሞ የራሷ ፈተና ነበራት። አባቷን እንደምንቅ ታውቃለች፤ ንቀቴን በአፌ ባልናገረው በቅንድቤ ይታወቅብኛል። «አባዬ እሺ ካላለ አላገባህም» አለችኝ አንድ ቀን፣ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ተሰልፈን ስንመለስ። «በአባዬ ስትስቅ ካየሁህ ደግሞ እሱ እሺ ቢልም አላገባህም።» ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። ቀልድ አልነበረም። እንግዲህ አባትየው የወፍ ዕውቀት ጠየቁኝ፣ ልጅቷ ደግሞ ቁም ነገር ያለበት ፊት። ሁለቱም አልነበሩኝም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በዚያ መስከረም፣ ከተራራው የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክማ እየወረደች በየቤቱ የምትሸጥ ሴት ለልጅቷ እናት ወሬ ይዛ መጣች። ከየካ ተራራ ጀርባ፣ ድንጋይ እየተፈለጠ በወጣበት ጉድጓድ የክረምት ውሃ ተጠራቅሟል፤ እዚያ ውሃ ውስጥ እግሯ ቅጥ ያጣ፣ ቀለሟ ሽሮ ሜዳ የሚሸጠውን ቀይ ጥለት የመሰለ ወፍ ቆማለች። አባትየው ይህን ሲሰሙ የያዙትን ሻይ አስቀመጡት። ፍላሚንጎ ናት አሉ። አብያታ ሐይቅ ላይ በመንጋ የምትኖር፣ ጨዋማ ውሃ የለመደች ወፍ ናት፤ እዚህ ደጋ ላይ ብቻዋን መታየቷ ታላቅ ነገር ነው አሉ። ታላቅነቱ ለእኔ አልታየኝም። መንገድ ስታለች፣ በቃ። በዚያ ዘመን ሰው መንገድ ቢስት ቀበሌ ያድራል፤ ወፍ መንገድ ስትስት ግን ጎብኚ ይመጣላታል።

«ቅዳሜ አብረን እንወጣለን» አሉኝ። ሽማግሌ ያላለፈውን ፈተና ራሴ ልፈተን ነው ማለት ነው። ልጅቷ ከኋላቸው ቆማ ቅንድቤን ትጠብቃለች።

«ደስ ይለኛል ጋሼ» አልኩ።

ቅዳሜ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ተነሳን። እሳቸው ባርኔጣቸውን ደፍተው ከዘራቸውን ይዘው ፊት ፊት ሄዱ፤ ውሃው፣ ጃንጥላው፣ የዳቦው ዘንቢል፣ መነጽሩ ሳይቀር የእኔ ጭነት ሆነ። አማች ከመሆኔ በፊት የአማችነቱን ሸክም ተሸከምኩ። ዳቦውን ግን የመጨረሻዎቹን ቤቶች ሳናልፍ ተቀብለውኝ ይገምጡ ጀመር። ለእኔ ግመጥ አላሉኝም። እየገመጡም ያስተምሩኝ ነበር፤ ሰው አፉ ሞልቶ ሲያስተምር መስማት እንዴት እንደሚያሰለች የሚያውቅ ያውቀዋል።

ትምህርታቸው ሁለት ነበር። አንደኛው ስለ ጠበል ነው። ከገደሉ ሥር ወዳለው ጠበል ጀሪካን ይዘው የሚወጡ ሰዎች ስናገኝ ቆም ይሉና በከዘራቸው ይጠቁሟቸዋል። «እያቸው። ከብርድ ልዳን ብሎ ብርድ ውሃ ውስጥ የሚገባ ሕዝብ። ልጄ፣ እኔ በዕድሜዬ አንድ ጠብታ ጠበል ነክቶኝ አያውቅም።» ሰዎቹ ይሰማሉ፤ ሽማግሌ ናቸው ብለው ያልፋሉ። ሁለተኛው ትምህርት ስለ እውነት ነው። «ዘብ ቢያስቆመን እንዳትደናገር። ወፍ ልናይ ነው የመጣነው፣ ወፍ ልናይ ነው እንላለን። እውነት የያዘ ሰው ምን ይፈራል?» ይህንን ያሉት ዳገቱ መሐል ቆመው፣ ከዘራቸውን ሰማይ ላይ አንስተው ነው። ከሰለቸኝ ንግግራቸው ሁሉ ይህችን ብቻ በልቤ ያዝኳት። ባልይዛት ይሻለኝ ነበር።

ባሕር ዛፉ ሲያልቅ ሜዳ ይጀምራል፤ ሜዳው ላይ ዘብ ቆሟል። የገበሬ ማኅበር ጥበቃዎች ሁለት ነበሩ። አንዱ ጋቢያቸውን በጠመንጃ ላይ ያጣፉ ሽበታም ሽማግሌ ናቸው፤ ሌላው ወፍራም ጎልማሳ፣ ቦቲ ጫማው ጭቃ የጠጣ። ወፍራሙ መታወቂያችንን ተቀብሎ በቁሙም በግልባጩም አየው። ዐይኑ ግን መታወቂያው ላይ አልቆየም፤ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለው መነጽር ላይ አረፈ።

በየስብሰባው «ጸጉረ ልውጥ ስታዩ ለሚመለከተው አመልክቱ» ይባል ነበር። ስለ ጸጉርማ ከሆነ የእኛም የእነሱም አንድ ነው። ግን ተራራ ላይ ቆሞ ከተማውን ከላይ የሚያይ መነጽር የያዘ ሰው፣ በዚያ ዘመን፣ ጸጉሩን ማንም አያይለትም። ሬዲዮ ሲነካካ ተገኘ ተብሎ ከሰፈራችን የተወሰደ ሰው ነበር፤ እናቱ ስንቅ ይዛ ስትመላለስ ኖራ አንድ ቀን የእስር ቤቱ ዘቦች «ከእንግዲህ አታምጪ» አሏት። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ አባትየውም ያውቃሉ። ወፍራሙ «ተለያይታችሁ ቁሙ» አለ። ሽማግሌው ዘብ አባትየውን ወደ ድንጋይ ክምሩ ወሰዷቸው፣ እኔ ከወፍራሙ ጋር ቀረሁ።

«ምን ልታደርጉ መጣችሁ?»

«ወፍ ልናይ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «አዲስ አበባ ወፍ የለም?»

«አለ። ይህቺኛዋ ግን የዚህ አገር አይደለችም። ከሩቅ ነው የመጣችው።»

«ማን ነው መምጣቷን የነገራችሁ?»

«ቅጠል ሻጭ።»

እውነት እንዲህ ያለ የሞኝ ፊት እንዳላት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ራሴን በሰማሁት ቁጥር ራሴን ማሰር አማረኝ። ወፍራሙ «ታላግጥብኛለህ?» አለና ወደ ድንጋይ ክምሩ ጮኸ። «የእርስዎ ሰውዬ ምን አሉ?»

«ጠበል» አሉ ሽማግሌው ዘብ። «ጠበል ሊጠመቁ ነው የመጡት።»

ዞሬ አየኋቸው። የእውነት መምህሬ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ጠመንጃውን ሲያዩ ከእውነቱ የሚታመነውን ውሸት መረጡ። ምርጫውስ ለብቻቸው ቢሆን ብልህነት ነበር። አብረው ከተያዙ ሁለት ሰዎች አንዱ ጠበል ሌላው ወፍ ካለ ግን አንዱ ለተንኮል የመጣ ነው፤ መነጽሩ ደግሞ አንገቱ ላይ ያለው ማን ነው? ለእኔ አንዲት ደቂቃ እንኳ አላሰቡም። ልጃቸውን ሊሰጡኝ ቀርቶ እኔን ራሴን አሳልፈው ሰጡ። ንዴቴ ፍርሃቴን በለጠው።

ሽማግሌው ዘብ ግን ነገር የሚያበርዱ ሰው ነበሩ። አባትየውን ቀረብ ብለው አዩአቸው። «ጠበል ሊጠመቁ እየመጡ ቁርስ በልተዋል?» አሉ፣ ጢማቸው ላይ የተንጠለጠለውን የዳቦ ፍርፋሪ እያመለከቱ። ጠበል በባዶ ሆድ መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል። አንድ ጠብታ ነክቷቸው የማያውቅ ሰው ግን ከየት ይወቁት?

«ስኳር አለብኝ» አሉ አባትየው። «ሳልበላ ያዞረኛል።»

«ስኳር?» የሽማግሌው ዘብ ፊት በራ። «ለስኳርማ ይህ ጠበል ፍቱን ነው። ብቻ አንዴ አይበቃም፤ ደጋግመው ነው የሚያፈሱት።»

አባትየው ስኳር የለባቸውም። ሻያቸው ውስጥ የሚጨምሩትን ያየ ይህን አይጠራጠርም። ጎናቸውን በከዘራቸው ደገፍ አድርገው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ።

«እንግዲህ ወፍ ካለች ትታያለች፣ ጠበሉም የትም አይሄድም» አሉ ሽማግሌው ዘብ ለባልደረባቸው። «ሁለቱንም ወስደን እናያለን። የዋሸው ይታወቃል።» ወፍራሙ ነገሩ ባያምረውም ታላቁን ሰው እምቢ አላለም። አራታችንም ወደ ድንጋይ ጉድጓዱ ሄድን። እኔ እየሄድኩ፣ ዕድሜ ልኬን የናቅሁት ፍጥረት እባክሽ ቦታሽ ላይ ቁሚ እያልኩ እለምን ነበር። ወፍ ተለምና ታውቃለች?

ነበረች።

ለወሬው የሚሆን ነገር አልነበራትም። ቀይ ነው የተባለላት ቀለም ታጥቦ ታጥቦ የነተበ የሕፃን ካልሲ ይመስላል። ጉልበቷ የሚታጠፈው ወደ ኋላ ነው። ከአንገቷ ግማሹ ትርፍ ነው። ጭንቅላቷን ገልብጣ ጭቃው ውስጥ ደፍታ አንዳች ነገር ታጣራለች፤ ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል ይባላል እንጂ ከወፍ ሁሉ መርጦ ለዚህች ጎህ ሲቀድ መነሳት ነውር ነው። እንዲያም ሆኖ እሷን ሳይ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ውሸታም አለመሆኔን የምትመሰክርልኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ወፍራሙ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ። ሽማግሌው ዘብ ወደ አባትየው ዞሩ። «እርስዎስ፣ ለዚህች አይደለም የመጡት?»

ጥያቄው ክፋት አልነበረበትም። ሰውየው መውጫ በር ከፍተውላቸው ነበር። «ለሁለቱም ነው፤ ወፉንም አይቼ ጠበሉንም ልጠመቅ» ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አባትየው ወደ ውሃው ቀና አሉ፣ ዐይናቸው ደርሶባት ይሁን ሳይደርስ እንጃ፣ ወዲያው ፊታቸውን አዞሩ። ጀርባቸውን ለወፏ ሰጥተው ቆሙ።

«ወፍ ምን ያደርግልኛል» አሉ።

አልራራሁላቸውም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ሽማግሌው ዘብ ክንዳቸውን በአክብሮት ደግፈው የገደሉን መንገድ ይዘዋቸው ሲወርዱ፣ ባርኔጣቸው ከድንጋዩ በታች እስኪጠፋ ድረስ በደስታ ነው ያየኋቸው።

ወፍራሙ ሊጠብቀኝ ቀረ። «እስቲ ያንን» ብሎ መነጽሩን ወሰደና በግልባጩ ዐይኑ ላይ ደቀነው። «ይህማ ያርቃል» አለ በንቀት። አዙሬ ሰጠሁት። እንደገና ወደ ውሃው ደቀነው። ከገደሉ ሥር የውሃ ድምፅ ይሰማል፤ ከውሃው ድምፅ መሐል ደግሞ ጩኸት ወጣ። ረጅም ጩኸት ነው፤ ፋታ ይሰጥና ይመለሳል። የመስከረም ጠዋት የየካ ተራራ ውሃ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት አይቻልም።

«ጋኔኑ እየለቀቃቸው ነው» አለ ወፍራሙ መነጽሩን ሳያወርድ።

«ስኳር ነው» አልኩት።

«ስኳርም ጋኔን ነው።»

ከዚያ መነጽሩን ወረወረልኝ። «ወፍ ልናይ ነው የመጣነው አላልክም? እይ እንጂ።» ይህ ግብዣ አልነበረም። ጠመንጃ ባይኖር ኖሮ አላይም ነበር፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጩኸቱን ሳዳምጥ ብውል እመርጥ ነበር። ታዝዤ አየሁ። ፀሐይዋ ከተራራው በላይ ወጥታ ውሃውን ያዘችው። ወፏ ጭንቅላቷን ከጭቃው አወጣች፣ ቆም አለች፣ ክንፏን ዘረጋች። ወፍራሙ መነጽሩን መልስ ብሎ ሁለት ጊዜ እንደጠየቀኝ አስታውሳለሁ።

አባትየው ተመልሰው ሲመጡ ጢማቸው ታጥፎ አገጫቸው ላይ ተለጥፏል። ሸሚዛቸው ከቆዳቸው አልላቀቅም ብሏል። ካፖርቴን አለበስኳቸው፤ ለሳቸው ብዬ ሳይሆን ታመው ቢሞቱ ልጃቸው እኔን ስለምትጠይቅ ነው። ሽማግሌው ዘብ ከሁላችን በላይ ረክተዋል። መታወቂያችንን መለሱልን፣ ሰባት ቅዳሜ እንዲመላለሱም አባትየውን ቃል አስገቧቸው፣ እስከ መንገዱም በአቋራጭ እንሸኛችሁ አሉ። አቋራጩ በጉድጓዱ በኩል አያልፍም።

«ጋሼ፣ ወፏ ገና አለች» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«የምን ወፍ?» አሉ ጮክ ብለው፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ።

ዘቦቹ ተመለሱ፣ እኛ ቁልቁል ወረድን። ጠበል የሚወጡ ሰዎች እየተሻገሩን ያልፋሉ፤ የአባትየውን እርጥብ ጸጉር እያዩም «እግዜር ይማርዎ» ይሏቸዋል። እሳቸው ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። ከዘራው እንደ ጠዋቱ ወደ ሰማይ አልተነሳም። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ጋ ስንደርስ ቆሙ።

«ቤት ስንገባ አይተናል ነው የምንለው» አሉ።

«አይተናል?»

«ሁለታችንም። ዝናብ ነው ያገኘን።» ሰማዩ ላይ የጥጥ ያህል ደመና አልነበረም። ካፖርቴን ወደ ደረታቸው ሰብስበው ጨመሩ። «ሽማግሌዎችህን እሁድ ላካቸው።»

እንዲህ ተፈቀደልኝ። ወፍ ማወቄን የጠየቀኝ የለም። ለዓመት ያህል የጓጓሁለት እሺታ መጣ፣ እኔ ግን አፌ ላይ ኮሶ ኮሶ አለኝ። ልጃቸውን የሰጡኝ ስለወደዱኝ ቢሆን፣ ስላመኑኝ ቢሆን፣ ስለሰለቻቸው እንኳ ቢሆን ይሻል ነበር። ዝም የማሰኛ ሰጡኝ። «እሺ ጋሼ» አልኩ፤ እምቢ የምል ጀግና አይደለሁም።

ቤት ገብተው ልብስ ለውጠው ሲቀመጡ ወሬው ተጀመረ። እናትና ልጅ ፊታቸው ተቀምጠዋል። አቤት አነጋገር! የእግሯ ቀለም፣ የምንቃሯ ጫፍ፣ ከክንፏ በታች ያለው ጥቁር ላባ፣ አቋቋሟ፣ አበላሏ። ያላዩዋትን ወፍ ካየኋት እኔ አብልጠው አወቋት። በየመሐሉ «አይደለም እንዴ?» ይሉኛል፣ «ነው» እላለሁ። ጉሮሯቸው በብርድ ተዘግቶም አላቆሙም። ቅንድቤን እንደ ተሰበረ አጥንት ደግፌ ይዤ ዋልኩ።

ልጅቷ እስከ በሩ ሸኘችኝ። አመሻሹ ላይ ነበር፤ መንገዱ ላይ ከእንጨት የሚመለሱ ሴቶች ያልፋሉ።

«እሁድ ሽማግሌ ይላክ ብሏል አባዬ» አለች። «ለእናቴ ነግሯታል።»

«አዎ።»

«አላያትም፣ አይደል?»

«ማንን?»

«ወፏን።»

ውል አለብኝ። «አዩ እንጂ» አልኩ። «ሲያወሩ አልሰማሻቸውም?»

«እሱን ነው የምልህ» አለች። «አባዬ ወፍ ያየ ዕለት አያወራም። በረንዳው ላይ ይቀመጣል፣ ራት ስንጠራው አይሰማም፤ ምን አየህ ብትለው ምንም አይልህም። እናቴ ‹ዛሬ አንዱን አይቷል ማለት ነው› ትላለች። ዛሬ ግን ስንት ሰዓት ሙሉ ሲያወራ ዋለ።»

መልስ አልጠበቀችኝም። እጇን በሩ ላይ እንዳደረገች ፊቴን፣ ያችን የፈረደባትን ቅንድቤን፣ ታይ ጀመር።

«አንተስ አየሃት?» አለችኝ።

ለዚህ መልስ ቀኑን ሙሉ ሳዘጋጅ ነው የዋልኩት። የነተበው ካልሲ፣ ትርፍ አንገቷ፣ ወደ ኋላ የሚታጠፈው ጉልበቷ፣ ጭቃ የምትልሰው፤ ሳቅ የሚያመጣው ሁሉ ተሰልፎ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ፀሐይዋ መጣችብኝ፣ ውሃው መጣብኝ፣ ከዚያ ያ ክንፍ። ከተሰለፈው ቀልድ አንዱም አልወጣ አለኝ። መንገዱን አየሁ። ሴቶቹ እንጨታቸውን ተሸክመው አልፈው ሄዱ።

እሷ ብዙ ጠበቀች። እኔ ምንም አላልኩም።

«እሁድ በጊዜ ይምጡ» አለችኝና በሩን ዘጋችው።